ዝሆኔ ሣር

በአገራችን አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው በበሬ ነው። በሬ ከከሳ እርሻ ይዘገያል። እርሻ ከዘገየ ደግሞ የዘር ጊዜ ያልፋል። በሬ በጣም የሚከሳው ግን ጉልበቱ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ግጦሹ ይደርቃል፤ ጭዱም ያልቃል። ታዲያ ምን ይሻላል? አንዱ መላ መኖ መትከል ነው።

ዝሆኔ ሣር ቋሚ ሣር ነው። ቋሚ ሲባል እንደ ጤፍና እንደ በቆሎ በየዓመቱ አይዘራም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ይተከላል፤ ከታጨደ በኋላ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ደህና ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ይታጨዳል። መነሻው እዚሁ አፍሪካ ነው። አገዳው ሸንኮራ አገዳ ይመስላል፤ ቢተውት ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል።

ይህ ሣር ሙቀትና በቂ ዝናብ ይወዳል። ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2000 ሜትር ባለው አገር ይበልጥ ይስማማዋል። ውርጭ ይጎዳዋል። ውሃ የሚተኛበት መሬትም አይሆነውም። ደጋ ላለ ገበሬ፣ በጋሞ ደጋ በጨንቻ የታወቀው ደሾ የተባለው ሣር ይሻለዋል።

«ለእህል ያልበቃ መሬት እንዴት ለሣር ይሰጣል?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ማሳውን መንካት አያስፈልግም። ሣሩ በእርከን ላይ፣ በማሳ ዳር፣ በአጥር ሥርና በጓሮ ይተከላል። እርከን ላይ ሲተከል ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ከእህሉ ግን አንድ እርምጃ ይራቅ፤ አለዚያ የእህሉን ውሃና ምግብ ይሻማል።

አተካከሉ

1. ክረምት ከመግባቱ በፊት መሬቱ ይቆፈራል፤ ፍግ ይጨመርበታል።
2. ሦስት ወር የሞላው፣ የጠናና ጤነኛ የሆነ አገዳ ይመረጣል። ሦስት ሦስት አንጓ እየተደረገ ይቆረጣል። ቢጫ ከሆነና ከቀጨጨ ሣር አገዳ አይወሰድም፤ በሽታው አብሮ ይመጣል። እንዲህ ያለው ተነቅሎ ይቃጠል።
3. ዝናቡ ሲደላደል ቁራጩ ጋደም ተደርጎ ይተከላል። ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ከላይ ይቀራል። የአንጓው ዓይን ወደ ላይ ይመልከት።
4. በመስመርና በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል ግማሽ ሜትር ይተዋል። ግማሽ ሜትር አንድ ክንድ ያህል ነው። በዚህ ልክ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ ቦታ 200 ቁራጭ ይበቃል።
5. ሳይዝ የቀረው በሌላ ይተካል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አረሙ በደንብ ይታረም።

አስተጫጨዱ

በተተከለ ከሦስት እስከ አራት ወር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ያህል ሲሆን ይታጨዳል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባለበት ወቅት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት እየቆየ ይታጨዳል። ከመሬት አራት ጣት ያህል ይተውለት። ከዘገየ አገዳው እንጨት ይሆናል፤ ከብቱም ትቶት ይሄዳል። ቶሎ ቶሎ ካጨዱት ደግሞ ሥሩ ይደክማል። ከብት አይግባበት፤ ይረጋግጠዋል። ታጭዶና ተከትፎ በግርግም ይሰጥ።

ሣሩ ከመሬት ብዙ ምግብ ይወስዳል። ስለዚህ ከታጨደ በኋላ ይኮትኮት፤ ፍግም ይመለስለት። አለዚያ እያደር ይመነምናል።

ለበጋው እንዴት ይጠቅማል?

በጋው ሲጠና ዝሆኔ ሣርም እድገቱ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ዝናብ ካቆመ በኋላ ቶሎ አይደርቅም። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከብቱ ለምለሙን ሣር ይብላ። አዲሱ ጭድ ሳይነካ ይከመር። መጋቢት ሲገባ ያ ክምር ይከፈታል። ሣሩ ጭዱን ያተርፋል፤ ጭዱ በሬውን ያቆያል። በሬውም ለእርሻ ይደርሳል።

ጥያቄዎች

1. ቋሚ ሣር ማለት ምን ማለት ነው?
2. 20 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ ቦታ ስንት ቁራጭ ያስፈልጋል?
3. በእናንተ ማሳና ጓሮ ይህ ሣር የት የት ሊተከል ይችላል? ተወያዩበት።