ጉልባን፣ እርሾና ዶሮ ወጥ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ፉሪ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ቀቅዬ ሳቀርብ የስምንት ዓመት ልጄ «ለምን ዛሬ ብቻ? ጨውስ ለምን በዛበት?» አለኝ። እናቴ ስታደርግ እያየሁ ያደግኩት ነገር እንጂ በቅጡ የምመልስለት አልነበረኝም። ፕሮቴስታንቷ ጎረቤቴ ደግሞ ሮሜ 14፥17ን ጠቅሳ፣ የእግዚአብሔር መንግሥት በሚበላና በሚጠጣ ነገር አትለካም አለችኝ። ሌላዋ ጎረቤቴ በበኩሏ ዶሮ አሥራ ሁለት ቦታ የሚበለተው በሐዋርያት ቁጥር ነው ትላለች። የቱን ልያዝ? ምግብ ሁሉ ምሥጢር አለው?
እናት፣ ከፉሪ

መልስ፦ እኅቴ፣ የልጅዎ ጥያቄ አስቀድሞ የታሰበበት ነው። ዘጸአት 12፥26ን ይክፈቱ። የፋሲካው ማዕድ ሲደነገግ፣ ልጆች ስለ ሥርዓቱ ሲጠይቁ ወላጆች ምን ብለው እንደሚመልሱ አብሮ ተደንግጓል። መልሱ ስለ እህሉ ወይም ስለ ሥጋው አይደለም። እግዚአብሔር በዚያች ሌሊት በግብፅ ስላደረገው ማዳን መናገር ነው።

ጉልባንም የሚያያዘው ከዚያች ሌሊት ጋር ነው። እስራኤል ተቻኩለው ስለወጡ ሊጡ እስኪቦካ መጠበቅ አልቻሉም፤ ቂጣ ጋገሩ (ዘጸአት 12፥39)። የእኛ እናቶች የባቄላ ክክና የተፈተገ ስንዴ አንድ ላይ ቀቅለው፣ ቂጣም ጋግረው ያንን ችኮላ ያስባሉ። ጉልባን በመጽሐፍ ቅዱስ በስም የለም። በፋሲካው የታዘዙት ጠቦት፣ ቂጣና መራራ ቅጠል ናቸው፤ ንፍሮ አልተጠቀሰም። ታሪኩን በአገራችን እህል ያቆየልን የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ነው። ይህንን ለልጅዎ በግልጽ ቢነግሩት ከክብሩ አንዳች አይቀንስም። ጨው የሚበዛበትም ውኃ እንዲያስጠማ ነው። ማግሥቱ ስቅለት ነው፤ ጌታም በመስቀል ላይ ሳለ መጠማቱን ተናግሯል (ዮሐንስ 19፥28)። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ለመረዳት የእኔ ስብከት አያስፈልገውም፤ ምላሱ ይነግረዋል።

«ምግብ ሁሉ ምሥጢር አለው?» ላሉት ግን ቆም እንበል። ምግብን እንደ መዝገበ ቃላት እየገለጡ፣ ማር ይህ ነው፣ ጨው ያ ነው የሚሉ ሰባክያን አሉ፤ እኔ አልወድላቸውም። እርሾን ይዩ። በማቴዎስ 13፥33 አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ የሸሸገችው እርሾ የመንግሥተ ሰማያት ምሳሌ ነው። ሦስት ምዕራፍ አልፈው 16፥6ን ሲያነቡ ግን እርሾው የፈሪሳውያንና የሰዱቃውያን ትምህርት ሆኖ ተጠንቀቁ ይባላሉ። ጳውሎስ ደግሞ በ1ኛ ቆሮንቶስ 5 በማኅበሩ መካከል ዝም የተባለውን ኃጢአት እርሾ ይለዋል። የእንጀራ እርሾ የምታስቀር ሴት ይህ አይጠፋባትም፦ ጥቂቱ ብዙውን ይለውጣል፣ ለበጎም ይሁን ለክፉ። ጨውም እንዲሁ ነው። በዘሌዋውያን 2፥13 የቃል ኪዳን ምልክት፣ በማቴዎስ 5፥13 ደቀ መዛሙርቱ፣ በሎጥ ሚስት ላይ ቅጣት። ስለዚህ ምግቡ ብቻውን አይፈታም፤ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገበት ብለው ይጠይቁ።

ቅዱስ ቁርባንን ግን ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ አይቁጠሩት። በምድረ በዳ የወረደው መና ምሳሌ ነበር፤ ከቤተልሔም (ኅብስቱ ከሚዘጋጅበት የቤተ ክርስቲያኑ ቤት) የሚወጣው ኅብስትና ከዘቢብ የሚዘጋጀው ወይን ግን ከተባረኩ በኋላ በእምነታችን አማናዊ ሥጋውና ደሙ ናቸው። ጉልባን ያሳስባል፤ ቁርባን ይሰጣል።

ወደ ፕሮቴስታንቷ ጎረቤትዎ ልመለስ። የጠቀሰችው ጥቅስ ትክክለኛ ነው፤ ከፍ ብላ ብታነብ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማት ነበር። ሮሜ 14 የተጻፈው ሥጋ የሚበላውና አትክልት ብቻ የሚበላው እርስ በርስ ሲናናቁ ነው። ጳውሎስ ማዕዱን አላቃለለም፤ በማዕድ ምክንያት ወንድምን ማሰናከልን ነው የከለከለው። ማዕድ ለእርሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ያን ያህል ባልተቆጣ ነበር፦ በአንድ ጉባኤ አንዱ ይራብ ሌላው ይሰክር ነበር። (ዝክር አውጥተን ለባለ መኪናው እንግዳ ከፊት አቅርበን፣ በር ላይ ለቆመው ነዳይ የተረፈውን የምንልክ ሰዎች ይህንን ምዕራፍ ደጋግመን ብናነበው ጥሩ ነበር።) እናም በሚመጣው ጸሎተ ሐሙስ ከጉልባኑ ለእርሷም ያድርሱላት። ትውፊቱን ባትቀበል እንኳ ዘጸአት 12ን ታውቀዋለች።

የዶሮዋ ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ የለም። ለልጅ ሲነገር ደስ ይላል፤ ትምህርተ ሃይማኖት ግን አይደለም። ሐዋርያቱን በብልት በብልት ከቆጠሩለት ደግሞ፣ ይሁዳ የትኛው እንደሆነ ልጅዎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚያኛው ደብዳቤ አይጻፉልኝ።