የድባቴ ሕክምናና የሥራ ገበታ

በዚህ ወር ትምህርታችን የምንናገረው ድባቴ ስለሚባለው የመንፈስ ሕመም፥ ይልቁንም ሕክምናው የታማሚውን ሥራና የሕመም ፈቃድ እንዴት እንደሚነካ ነው። ድባቴ የአንድ ቀን ኀዘን ወይም ቅሬታ አይደለም። ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ በአብዛኛው ቀን ልብ ሲከፋ፥ ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ሲያስጠላ፥ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ሲዛባ፥ አሳብ አልሰበሰብ ሲል፥ ራስን መውቀስ ሲበዛ ሐኪሞች በዚህ ስም ይጠሩታል።

በሥራ ቦታ ግን ሕመሙ በስሙ አይጠራም። የተማሪዎቹን ደብተር ሳያርም የሚከርም መምህር፥ አንዱን ሒሳብ ሦስት ጊዜ ደምሮ ሦስት ልዩ ልዩ ድምር የሚያገኝ ገንዘብ ያዥ፥ ሰነፍ ወይም ግዴለሽ ይባላል፤ እርሱም ራሱን እንዲሁ ብሎ ይፈርዳል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፥ በድባቴና በጭንቀት ሕመም ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀኖች እንደሚባክኑ ይገመታል።

ለዚህ ሕመም በአገራችን ዘወትር ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ይገኛሉ። እነዚህ እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠሩም። መሻሻል መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፥ ሙሉ ጥቅማቸውን ለማየት ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር፥ ጥቅማቸው ሳይታይ የጎንዮሽ ጉዳታቸው የሚቀድም መሆኑ ነው። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፥ አፍ ያደርቃል፤ ስለዚህ ማታ ይወሰዳል፤ ሾፌርና የመኪና መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛም ሥራውን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ ለሚናገር መምህር የአፍ መድረቅ ቀላል ነገር አይደለምና አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዞ ወደ ክፍል ቢገባ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ፍሉኦክሰቲን በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ይወሰዳል። ብዙ ሰዎች በዚሁ ሳምንት «መድኃኒቱ ባሰብኝ» ብለው ይጥሉታል።

አሁን ደግሞ ሕጉን እንመልከት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፥ የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም ሲታመም፥ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዙ፥ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኞች፥ ከእነርሱም ጋር የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፥ በሌላ አዋጅ ስለሚተዳደሩ ልኩን ከመሥሪያ ቤታቸው የሠራተኛ አስተዳደር ይጠይቁ።

እንግዲህ የመድኃኒቱን ጊዜና የሕጉን ጊዜ አስተያዩ። አንድ የድርጅት ሠራተኛ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ የመጀመሪያውን ወር ያለ ሕክምና ቤቱ ተኝቶ ቢያሳልፍና በአምስተኛው ሳምንት መድኃኒት ቢጀምር፥ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበትን ወር ጨርሶ የመድኃኒቱን መሥራት የሚጠባበቀው በግማሽ ደመወዝ ነው። ደኅና መሆን በሚጀምርበት ጊዜ ያለ ክፍያ የሚሆነው ወር በደጅ ቆሟል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ጭንቀትም በሕመሙ ላይ ይታከላል። በመጀመሪያው ቀን ሕክምና የጀመረው ግን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበትን ወር ለሕክምናው ተጠቀመበት ማለት ነው። ጸበል የሚጠመቀውንም የምንመክረው ይህንኑ ነው፤ ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር ማስኬድ ይችላል። ፈቃድ የሚሰጠው ግን በታወቀ የጤና ድርጅት የሐኪም ወረቀት ስለ ሆነ፥ ያለ ወረቀት ወደ ጸበል ሄዶ ሳምንታት መቆየት እንጀራን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ሕጉ መቅረቱን በማግሥቱ ለአሠሪው ማስታወቅን ይጠይቃል፤ ታማሚው ለዚህ አቅም ሲያጣ ቤተ ሰቡ ወይም ባልደረባው ያስታውቅለት።

ዕረፍት ብቻውን ይህን ሕመም አያድንም። በሕንድ አገር በጎአ የተደረገና በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ ሐኪም ያልሆኑ ሥልጠና ያገኙ ሰዎች ታማሚዎችን ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ እያነጋገሩ፥ የተዉትን ተግባር በትንሽ በትንሹ እንዲጀምሩ አገዙ። ከሦስት ወር በኋላ እንዲህ ከታገዙት ከመቶ 64፥ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቆዩት ከመቶ 39 ያህሉ ከሕመሙ ወጥተው ተገኙ፤ የታገዙት ሥራ መሥራት ያልቻሉባቸው ቀኖችም አነሱ። ዋጋው ጥቂት በመሆኑ ለእንደኛ ያለ አገር ይህ ከሁሉ የሚስማማ ይመስለናል።

ስሜት ሲሻል ደግሞ የሥራ ችሎታ አብሮ ወዲያው አይመለስም፤ ማስታወስና አሳብን መሰብሰብ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. 45 ጥናቶችንና ከ12,000 በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ምርመራ ወጥቶ ነበር። በዚህ ምርመራ ሕክምናው ሥራውን ከማስተካከል ጋር ሲጣመር የሕመም ፈቃድ ቀኖች በዓመት 25 ያህል እንደሚቀንሱ ተገምቷል፤ አንዱን መድኃኒት ከሌላው ያነጻጸሩት ጥናቶች ግን በአንድ ቃል አልተስማሙም። ስለዚህ የትኛው ክኒን ይሻላል ከሚለው ክርክር ይልቅ፥ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ሠራተኛውን እንዴት ይቀበለዋል የሚለው የበለጠ ልናስብበት የሚገባ ነው። የሚመለሰው መምህር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ቢይዝ፥ የፈተና እርማት ለጊዜው ለሌላ ቢሰጥለት፥ ለሐኪም ቀጠሮው ግማሽ ቀን ቢፈቀድለት፥ ትምህርት ቤቱ የሚያጣው ጥቂት ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ድልድል በዝርዝር ባያዝም በስምምነት ሊደረግ ይችላል።

ወደ ሥራ መመለስ መድኃኒት የማቆሚያ ምልክት አይደለም። ከተሻለ በኋላ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ መቀጠል የሚመከር ሲሆን፥ ሲቆምም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ስለ መሞት ወይም ራስን ስለ ማጥፋት የሚናገር ሰው ቢኖር ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ፥ ብቻውንም ሳይተው፥ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

የሕመሙን ስም ለባልደረቦች ሁሉ መንገር ማንም አይገደድም። የሐኪሙን ወረቀት የተቀበለ ኃላፊም በመዝገብ አስገብቶ መሳቢያውን ይቈልፍ፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል መነጋገሪያ አያድርገው።