የጭስ ማውጫችሁን በሚያውቅ ሰው አስፈትሹ

እሳት የሌለበት ቤት የለም። እንጀራው የሚጋገረው፥ ወጡ የሚሠራው፥ ቡናው የሚፈላው በእሳት ነው። እሳት ካለ ደግሞ ጭስ አለ። ታዲያ ይህ ጭስ በየት ይወጣል? መውጫውስ ደኅና ነው ወይ? የዛሬው ትምህርታችን ይህን የሚመለከት ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማንበብ የቻለ ላልቻለው ያንብብለት።

1. ጭስ ምንድን ነው?

ማገዶ ደረቅ ሲሆንና በቂ አየር ሲያገኝ በደንብ ይነዳል። ጭሱም ጥቂት ነው። እርጥብ ከሆነ ወይም አየር ካነሰው ግን በደንብ አይነድም። ሳይነድ የቀረው ነገር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በቆቦና በራያ ቆላ ብዙ ቤት የሚነደው የማሽላ አገዳ፥ ኩበትና ጭራሮ ነው። አገዳ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ፍንጣሪውም ወደ ላይ ይበራል። ኩበት ደግሞ ቀስ እያለ ይጤሳል፤ ጭሱ ብዙ ነው።

በጭስ ውስጥ ሦስት ክፉ ነገሮች አሉ።

ሀ. ጥቀርሻ። ይህ በጣራው፥ በማገሩና በድስቱ ቂጥ ላይ የምናየው ጥቁር ነገር ነው። ሲደቅ ወደ ሳንባ ይገባል።

ለ. ሬንጅ የሚመስል ጥቁር ቅባት። ጭሱ ሲቀዘቅዝ በጭስ ማውጫው ውስጥ ይለጠፋል። እየዋለ እያደረ ይወፍራል። እሳት ሲያገኘው ይነዳል።

ሐ. ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ አየር። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ንጹሕ አየር የሚሸከመው ክፍል ይህን መርዝ ከንጹሕ አየር ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ያዞረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ከዚያም እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። በዚያው የሚቀርም አለ። ከሰል የተቀጣጠለበትን ማንደጃ ዘግቶ በተኛበት ቤት ውስጥ አስገብቶ ሲነጋ ሳይነሣ የቀረ ሰው ታሪክ በብዙ አገር ይሰማል። ገዳዩ ይኸው መርዝ ነው።

2. ጉዳቱ በማን ላይ ነው?

ጉዳቱ ከሁሉ በላይ በእናቶችና በሕፃናት ላይ ነው። እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ነው። ምጣዱ ላይ ስታጎነብስ ጭሱን እሷም ትስበዋለች፤ ልጁም ይስበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ከነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ጭስ የሕፃናትን የሳንባ ምች ያብሳል። ትልልቆቹን ለማይለቅ ሳልና ለትንፋሽ ማጠር፥ ለልብ በሽታ፥ ለሳንባ ነቀርሳ፥ ለዓይን ሞራም ይዳርጋል።

ጥቀርሻ መርዝ መሆኑ የታወቀው ዛሬ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1775 ፐርሲቫል ፖት የሚባል የለንደን ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። በዚያ ዘመን የድሆች ልጆች በጠባብ የጭስ ማውጫ ውስጥ እየገቡ ጥቀርሻ ይጠርጉ ነበር። እነዚህ ልጆች ካደጉ በኋላ በነቀርሳ ይያዙ ነበር። ሐኪሙ ምክንያቱ ጥቀርሻው መሆኑን ጻፈ። እንግዲህ የዛሬ 250 ዓመት የታወቀ ነገር ነው ማለት ነው።

3. የጭስ ማውጫ እንዴት ይሠራል?

የሞቀ አየር ቀላል ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል። ምድጃው ሲነድ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ይሞቅና ሽቅብ ይወጣል፤ ጭሱንም ይዞት ይሄዳል። በሱ ፈንታ ንጹሕ አየር በበርና በመስኮት ይገባል። ከታች መግቢያ፥ ከላይ መውጫ ያስፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ ከተዘጋ ጭሱ ተመልሶ ቤት ውስጥ ይቀራል።

በአገራችን በ1980ዎቹ ዓ.ም. ምርት የሚባል የእንጀራ ምድጃ ተሠርቷል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ሲሆን፥ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። የጭስ ማውጫ የተገጠመለት ዓይነትም አለ። ምድጃው ጥሩ ነው። ነገር ግን የጭስ ማውጫ ተተከለ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በሬ ተገዛ ተብሎ መኖ እንደማይቀርበት ሁሉ፥ የጭስ ማውጫም ክትትል ይፈልጋል።

4. የጭስ ማውጫ እንዴት ቤት ያቃጥላል?

አንደኛ፥ በውስጡ የተለጠፈው ጥቀርሻና ቅባት አንድ ቀን ይቀጣጠላል። እንዲህ ያለው እሳት ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ቆርቆሮው ይግላል። የነካው ሣርና ማገር ይያያዛል።

ሁለተኛ፥ ቧንቧው በዝናብ ይዝጋል፤ መጋጠሚያው ይላቀቃል። በቀዳዳው ፍንጣሪ ይወጣል። የሣር ክዳን ደግሞ በበጋ ሲደርቅ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

ሦስተኛ፥ ወፍ ጎጆ ይሠራበታል ወይም ቅጠል ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ጭሱና መርዙ ወደ ቤት ይመለሳል።

አንድ ቤት ሲቃጠል የሚነደው ቤቱ ብቻ አይደለም። በጎተራ ያለው የዓመት ቀለብ ይነዳል። የተከመረው አገዳና ጭድ ይነዳል። በረቱም ይነዳል። ነፋስ ካለ ጎረቤትም አይተርፍም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1666 በለንደን ከተማ በአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት ለ4 ቀን ያህል ነዶ 13,200 ቤት አቃጥሏል። ያ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቤት እሳት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን ለዚህም ይሆናል።

5. ለምን በሚያውቅ ሰው?

«ቤቴ ነው፤ ራሴ አየዋለሁ» የሚል ይኖራል። ራስ ማየት መልካም ነው። ግን አይበቃም። ምክንያቱም፦

ሀ. የቤት ሰው ጭሱን ለምዶታል። የለመደ አፍንጫ አይነግርም።
ለ. ክፉው መርዝ አይሸትም፤ አይታይም።
ሐ. ስንጥቁና ቅባቱ ያለው በቧንቧው ውስጥ ነው። ከውጭ ሲታይ ደኅና ይመስላል።
መ. ጣራ ላይ መውጣት ላልለመደ ሰው አደጋ ነው።

የታመመ ከብት ስናይ የእንስሳት ሐኪም እንጠራለን። የጭስ ማውጫም እንደዚያው ነው። ባለሙያ ማለት የግድ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ማለት አይደለም። ምድጃ የሚሠራ፥ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ፥ ግንብ የሚገነባ፥ ሥራውን የተማረና የለመደ ሰው ነው። የወረዳውን የውኃና ኢነርጂ ባለሙያና የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም መጠየቅ ይቻላል።

6. ባለሙያው ምን ምን ያያል?

አንድ፥ ምድጃው ቀዝቅዞ ሳለ ቧንቧውን ከላይም ከታችም ያያል። የጥቀርሻው ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መጠረግ አለበት።

ሁለት፥ ቧንቧው ከሣሩ፥ ከማገሩና ከወራጁ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል። በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ ነጠላ ቆርቆሮ ቧንቧ ከሚቃጠል ነገር 45 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። በኛ ልክ ወደ አንድ ክንድ ነው።

ሦስት፥ ጫፉ ከጣራው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ያያል። በዚያው ደንብ ጣራውን ከሚበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ካጠረ ነፋስ ጭሱን ይመልሰዋል።

አራት፥ መጋጠሚያውን፥ ዝገቱንና የዝናብ መከላከያ ቆቡን ይመረምራል።

አምስት፥ ጥቂት ጭድ አንድዶ ጭሱ ወደየት እንደሚሄድ ያያል። ወደ ቧንቧው ከተሳበ ደኅና ነው። ወደ ቤት ከተመለሰ ችግር አለ።

ፍተሻው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መሆን አለበት። ለኛ የሚመቸው ጊዜ መስከረም ነው። ክረምቱ ያዛገው ነገር ይታያል፤ አገዳውም ገና ከማሳ አልገባም።

7. «አባቶቻችን በጭስ ኖረዋል» ለሚሉ

አባቶቻችን እውነት አላቸው። ጭስ ምስጥን ያርቃል፤ የሣር ክዳንን ዕድሜ ይጨምራል። ለዘር የተመረጠውን የማሽላ ዛላ ከምድጃው በላይ ሰቅሎ በጭስ ከነቀዝ መጠበቅም የቆየ ብልኃት ነው። ይህን ማንም አይንቅም። ነገር ግን ዘሩና ክዳኑ ጭስ ቢፈልጉ፥ የሕፃኑ ሳንባ አይፈልግም። ማድ ቤቱን ከመኝታው መለየት ይቻላል። ዘሩ በማድ ቤቱ ይሰቀል፤ ልጁ በመኝታው ቤት ይተኛ። ሁለቱም ይጠበቃሉ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ እውነት ይሆናል። የወጥ ሠሪዋን ዓይንና ደረት ግን ያድናል።

የጭስ ማውጫ የሌለው ቤትስ? እሱም ይታይ። በር ተከፍቶ ይጋገር። ከጣራው ሥር ጭስ መውጫ ክፍተት ይተው። ማገዶው ይድረቅ። ፍም ያለበት ማንደጃ ወደ መኝታ አይግባ። አመዱ ሳይቀዘቅዝ ገለባ አጠገብ አይደፋ። ሕፃን ከምድጃ ይራቅ።

8. በማኅበር ምን እናድርግ?

አንድ ቤት ብቻውን ቢጠነቀቅ ጎረቤቱ ካልተጠነቀቀ አይድንም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደተባለው፥ ነገሩ የማኅበር ሥራ ነው። በስብሰባ ላይ ሁለት ሰዎች ይመረጡ። አንዱ ከእጅ ሙያተኞች፥ አንዷ ከእናቶች ወገን ትሁን። ስለ ምድጃው ከሁሉ በላይ የምታውቀው የምትጋግረዋ ናትና። ከወረዳው ባለሙያ ጋር ሆነው ቤት ለቤት ይዙሩ። የሽማግሌና የአቅመ ደካማ ቤት ይቅደም፤ ጥገናውም በደቦ ይሠራ።

የታየው ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ። ያልተጻፈ ነገር ይረሳል። ፊደል የቆጠራችሁትም ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። መዝገቡ እንዲህ ይሁን፦

የባለቤቱ ስም ………
የታየበት ቀን ………
የተገኘ ጉድለት ………
የተጠገነበት ቀን ………
የሚቀጥለው ፍተሻ ………
የመርማሪው ፊርማ ………

ይህን ቅጽ በደብተራችሁ ላይ ገልብጡ። በጣት አሻራ ፋንታ በስማችሁ ፈርሙ።

አዲስ ቃላት

ጥቀርሻ፦ ከጭስ የሚለጠፍ ጥቁር ነገር።
ፍተሻ፦ አንድን ነገር በደንብ መርምሮ ማየት።
ባለሙያ፦ ሥራውን የተማረና የሚያውቅ ሰው።
መርዛማ አየር፦ ሲተነፍሱት የሚገድል አየር።

ለመወያየት

1. በእናንተ ቤት ጭሱ በየት ይወጣል?
2. ሽታ የሌለውን መርዝ በምን እናውቀዋለን? ምልክቶቹን ተናገሩ።
3. ጣራችሁ ሣር ከሆነ ቧንቧው ከሣሩ ስንት ክንድ ይርቃል? ዛሬ ማታ ለኩ።
4. በቀበሌያችሁ የጭስ ማውጫ መመርመር የሚችል ማን አለ? ስሙን ጻፉ።

ጥያቄዎቹን ከቤተሰባችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው። መልሱን ጽፋችሁ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። እናንተ ስትዘገዩ እሳቱ አይዘገይምና፥ ፍተሻውን ለነገ አታሳድሩት።