የፖሊመር ፀሐይ ሴሎችን ብቃት እንዴት ማሳደግ ይቻላል?

በጅጅጋ፣ በአውበሬና በቶጎጫሌ ጥርት ባለ ቀን ቀትር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። እንደ ቀለም ሊታተሙ ከሚችሉ ፖሊመሮች የሚሠራ ሴል ከዚህ ምን ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል?

የሴል ብቃት የሚሰላው በሦስት መጠኖች ብዜት ነው። እነርሱም የክፍት ዑደት ቮልቴጅ፣ የአጭር ዑደት ከረንት፣ እንዲሁም ከሁለቱ ብዜት በተግባር የሚገኘውን ድርሻ የሚያመለክተው ፊል ፋክተር ናቸው። ለምሳሌ 0.6 ቮልት፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊ አምፒር እና 0.6 ፊል ፋክተር ሲባዙ 3.6 ሚሊ ዋት ይሆናሉ። ያረፈው ብርሃን 100 ሚሊ ዋት ስለሆነ ብቃቱ 3.6 በመቶ ነው፤ ከካሬ ሜትር 36 ዋት ማለት ነው። መጠኖቹ 0.83፣ 25 እና 0.75 ቢሆኑ ግን ወደ 156 ዋት ይደርሳል። ልዩነቱ ጥቂት አምፖሎችን በማብራትና በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣን በማንቀሳቀስ መካከል ያለ ሊሆን ይችላል።

ብቃቱን ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ብርሃን በፖሊመር ውስጥ ወዲያውኑ ነፃ ኤሌክትሮን አይፈጥርም፤ ኤክሳይቶን የተባለ የኤሌክትሮንና የሆል ጥንድ ይፈጥራል። ጥንዱ ከመክሰሙ በፊት የሚጓዘው 10 ናኖሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ግን 100 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያስፈልጋል። ለዚህ እንቆቅልሽ እ.ኤ.አ. በ1995 የተገኘው መፍትሔ ፖሊመሩንና ኤሌክትሮን ተቀባዩን ፉለሪን እንደ ሁለት ዛፎች ሥር እንዲጠላለፉ አድርጎ መቀላቀል ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ፖሊመሮች የሚያሳልፉትን ታሕተ ቀይ ብርሃን መሰብሰብ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት በዚሁ ላይ ያተኮረ ነበር። ሦስተኛው ፉለሪንን በሌላ ተቀባይ መተካት ሲሆን፣ ዋይ-6 የተባለው ሞለኪውል እ.ኤ.አ. በ2019 ብቃቱን ከ15 በመቶ በላይ አድርሶታል። ዛሬ በቤተ ሙከራ ትናንሽ ሴሎች 20 በመቶ ገደማ ደርሰዋል።

ሆኖም ኦክስጅን፣ ሙቀትና የፀሐይ ጨረር ፖሊመርን ያዳክማሉ። በሲሊከን የተሠራ ሰሌዳ ግን 25 ዓመት ያህል ያገለግላል። ስለዚህ ውድ ተማሪዎች «ስንት በመቶ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ለስንት ዓመት?» የሚለውን አትርሱ። ለዚህ ፈተና ደግሞ የጅጅጋ ፀሐይ ራሷ ቤተ ሙከራ ናት።