ምዕራፍ 7፦ የክፉ ቀን እጅ

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት በደህና ቀን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ እጄ ሞቋል፣ ጣቶቼም እንደ ድሮው ይታዘዙኛል። ሻጩ ወጣት ባሱን አምፕ ላይ ሰክቶ አቀበለኝ። አሥር ደቂቃ ያህል የሰርግ ችክችካ ስመታበት ቆሞ ሰማኝና «ጋሼ፣ ይሄማ ለእርስዎ ብለው የሠሩት ነው!» አለኝ። ሙገሳ መቼ ይጠላል? ሳልከራከር ከፈልኩ። ሰኞ ጠዋት ያንኑ ባስ አንስቼ የመጀመሪያውን ፍሬት ስጫን ግን የግራ አውራ ጣቴ ከሥሩ ወጋኝ። አንድ ዘፈን እንኳ ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ጥፋቱ በዋናነት የባሱ አልነበረም። የገዛው እጅና የሚጫወተው እጅ ነበሩ የተለያዩት። ቁርጥማት ያለበት ሰው አራት እጅ አለው፤ ሁለት የደህና ቀን፣ ሁለት የክፉ ቀን። ባስ የሚገዛው ለክፉ ቀኖቹ ነው፤ ደህናዎቹማ በየትኛውም እንጨት ይጫወታሉ። ስለዚህ ሻጭ ሲቀጥሩ ጠዋት ይቅጠሩ። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ጣትዎ አልታጠፍ ያለበት ጠዋት ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ከገንዘብ በፊት ሐኪም ይቀድማል። ቁርጥማት ወይም ሪህ እያልን በአንድ ስም የምንጠቀልለው ሕመም ብዙ ዓይነት ነው። በዕድሜ ብዛት የሚብሰው ዓይነት በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ለስላሳ ሽፋን ይበላዋል፤ የሚወደውም የጣቶችን የመጨረሻ መገጣጠሚያና የአውራ ጣትን ሥር ነው። የጠዋቱ ድርቀት ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ሩማቶይድ የሚባለው ግን የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እጆች ይይዛል፣ የጣቶችን ሥርና የእጅ አንጓን ያሳብጣል፣ ድርቀቱም አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ለዚህኛው ጉዳቱን የሚያዘገይ መድኃኒት አለ፤ ቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይረዳል። በዩሪክ አሲድ የሚመጣው ሪህ ደግሞ የራሱ ሕክምና አለው። እኔ ባሲስት ነኝና ከዚህ በላይ አልናገርም። «ሙዚቀኛ ስለሆንኩ ነው፣ ሥራው ያመጣው ነው» ብዬ ሁለት ዓመት ዝም ማለቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወደ እንጨቱ። ብዙ ሰው ሲያመው መጀመሪያ የሚያስበው ባሱን መሸጥ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ እመክራለሁ፤ በእጅዎ ያለውን ባስ አስተካክለው፣ ሁለት ሦስት ወር ተጫውተውበት፣ አሁንም እምቢ ካለዎት ነው ገበያ የሚወጡት። ብዙ ባስ እጅ የሚያሳምመው ስላልተስተካከለ ነውና።

በመጀመሪያ የክሮቹን ከፍታ ያሳዩ። ፌንደር ለአብዛኞቹ አዳዲስ ባሶቹ 17ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ክር 2.4፣ ለቀጭኑ ደግሞ 2 ሚሊሜትር ገደማ ከፍታ ይመክራል። የእርስዎን በማስመሪያ ይለኩ፤ 4 ሚሊሜትር ካገኙ ያሳመመዎት ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚረሳው ግን ሌላኛውን ጫፍ፣ ክሩ በባሱ ራስ፣ መቃኛዎቹ ባሉበት በኩል የሚያርፍበትን ትንሽ ባለ ጎድጓዳ ድልድይ ነው። እሱ ከፍ ካለ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፍሬቶች ድንጋይ ይሆናሉ፤ የእኔን አውራ ጣት የወጋውም እሱ ነበር። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው 1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። የፀጉር ያህል ብቻ ሊታይ ይገባል። ከዚያ በላይ ከሆነ ልምድ ያለው ሰው ጎድጓዳውን በቀጭን ሞረድ ዝቅ ያድርግልዎ። እርስዎ አይሞክሩት፤ አንዴ ከወረደ አይመለስም። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ሲነካም በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይበልጥ። እንጨት እርጥበት ይጠጣል፤ በበጋ ያስተካከሉት አንገት በክረምት ሊጎብጥ ስለሚችል በዓመት ሁለቴ ማሳየት ብክነት አይደለም።

ቀጥሎ ክሩ። የተለመደው ከ45 እስከ 105 የሚባለው ውፍረት ነው። ከ40 እስከ 95 የሆነውን ሲያስሩ ውጥረቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ገንዘብ የማይጠይቀው መፍትሔ ደግሞ ባሱን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መቃኘት ነው፤ ውጥረቱ 11 በመቶ ይላላል። ዘፋኙ ከተለመደው ቶን ካልወረደ አንድ ፍሬት ወደ ላይ እየወጡ ይጫወታሉ፤ እዚያ ላይ ፍሬቶቹም ይቀራረባሉ። ጠፍጣፋ ጥቅል ያላቸው ክሮች ለጣት ቆዳ ይለሰልሳሉ፤ ብዙዎቹ ግን ይበልጥ ግትር ናቸውና ለስላሳ ስለሆኑ ብቻ አይግዙ። ከቪየና የሚመጡት የቶማስቲክ የጃዝ ክሮች ከዚህ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ጠፍጣፋም ልልም ናቸው። ዋጋቸው ያስደነግጣል፣ ዕድሜያቸው ግን ረጅም ነው።

የሮክ ባንዱን የብላክ ሳባዝን ጊታሪስት፣ የቶኒ አዮሚን ታሪክ የማውቀው ጊታሪስት ሁሉ ይተርከዋል፤ ባሲስቶች ግን የሚገባንን ያህል አልተማርንበትም። በርሚንግሃም ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው ይህ ግራኝ ልጅ በ17 ዓመቱ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ የባንጆ ቀጫጭን ክሮች አሰረ፣ ኋላም ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ቃኘው። የብላክ ሳባዝ ከባድ ድምፅ በከፊል ከዚህ መላ የወጣ ነው። ልጁ እጁን ለመሣሪያው አላስገደደም፤ መሣሪያውን ወደ እጁ አመጣው።

የአጨዋወት ነገርም ከማስተካከል ይቆጠራል። የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ባሲስት የነበረው ጄምስ ጄመርሰን ያንን ሁሉ የባስ መስመር የመታው በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ነው። ክሮቹ ወፍራም፣ ከፍታቸውም የሚያስፈራ ነበር፤ ያንን አይቅዱ። አንድ ጣት እንደሚበቃ ግን ከእሱ ይማሩ። ግራ እጅ ላይ ደግሞ ፍራንዝ ሲማንድል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለኮንትራባስ ያስተማረውን ዘዴ እወዳለሁ፤ በታችኞቹ ፍሬቶች ላይ አመልካች፣ መሐል፣ ከዚያም ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት አንድ ላይ። አራት ፍሬት ላይ አራት ጣት መዘርጋት የቀረበት እጅ ያርፋል። አውራ ጣትዎን ከአንገቱ ጨርሶ አንስተው ለመጫወትም ይሞክሩ። የሚጫነው ክንድዎ ይሆናል፤ መቆንጠጥ እንደማያስፈልግ ያን ጊዜ ይገባዎታል። ባህል ቤት ባስ ክራር የሚመታ አንድ ወዳጄ ይህን ሲያይ «እኛ መች እንጨት ተጫንን?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ የክራር ጣት ክሩን ይነካል እንጂ እንጨት ላይ አያደቅቀውም።

አምፑን ከፍ ያድርጉ። እጅ የሚጮኸው አምፕ ሲያንሾካሹክ ነው። አምፕ ከተነሳ አይቀር፣ 30 ኪሎ የሚመዝነውን አሮጌ ሣጥን ደረጃ ለደረጃ የሚሸከመው ማን ነው? አዳዲሶቹ ክላስ ዲ የሚባሉት የአምፕ ራሶች ከ2 እስከ 3 ኪሎ ብቻ ይመዝናሉ። የኔ የእጅ አንጓ ከባሱ ይልቅ በጭነት ነበር ያለቀው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ እንግዲህ ገበያ እንውጣ።

ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲዥን ባስን ሲያወጣ የክሩን ርዝመት 34 ኢንች አደረገው፤ ዓለምም ተከተለው። ነገር ግን ባለ 30 ኢንች ባስም አለ፤ ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፦ በረጅሙ ባስ ከአንገቱ ጫፍ እስከ 4ኛው ፍሬት 178 ሚሊሜትር ነው፤ በአጭሩ 157። ሁለት ሴንቲሜትር! ተመሳሳይ ክር በተመሳሳይ ቃና ሲቃኝ ውጥረቱም 22 በመቶ ያንሳል። አጭር ባስ የልጅ መጫወቻ ነው የሚሉ አሉ። ፖል ማካርትኒ የሚታወቅበት ሆፍነር አጭር ነው፤ የክሪም ባሲስት ጃክ ብሩስ የመታው የጊብሰን ኢቢ-3 አጭር ነው፤ ፌንደርም በ1966 እ.ኤ.አ. መስታንግ ባስን ያወጣው በ30 ኢንች ነው። ድምፁ ትንሽ ወፈር፣ ትንሽ ደብዘዝ ይላል፤ ለእኛ ዘፈን ግን እኔ በዚህ አልተከፋሁም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ለረጅም ባስ የተሠራ ክር አያስሩበት። ወፍራሙ ጥቅል መቃኛው ላይ ሲጠመዘዝ ሊፈታ ወይም ሊበጠስ ይችላል። ባሱን ከመግዛትዎ በፊት የአጭር ባስ ክር ከየት እንደሚያገኙ ይወቁ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሁለት ሦስት ጥቅል አስቀድመው ያዙ።

ክብደቱን በዓይን አይገምቱ። የሰው ሚዛን ላይ ባሱን ይዘው ይቁሙ፣ ከዚያ ያለ ባሱ ይቁሙ፣ ይቀንሱ። ረጅም ባስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 4.5 ኪሎ ይመዝናል። እኔ ከ3.5 ኪሎ በላይ የሆነውን ስሙ የቱንም ያህል ቢገን መልሼ አስቀምጣለሁ። ክብደት ትከሻን ብቻ የሚጎዳ ይመስላል፤ ግን ባሱን አንግተው እጅዎን ሲለቁ ራሱ ወደ መሬት ካዘቀዘቀ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ራስ ደግፎ የሚያነሳው የታመመው ግራ እጅዎ ነው። ለዚህ መላው ቀለል ያሉ መቃኛዎች ወይም ሰፊ፣ ውስጡ ሸካራ የቆዳ ማንገቻ ነው። ኔድ ስታይንበርገር በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለገበያ ያቀረበው ራስ አልባ ባስና ተከታዮቹም ከዚህ ጣጣ በብዛት ነፃ ናቸው። መልካቸውን እኔ አልወደድኩትም፤ ትከሻዬ ግን አስተያየቴን አልጠየቀኝም።

ቀጭን አንገት ይሻላል የሚለውን ምክር በጥርጣሬ ይስሙት። የፌንደር ጃዝ ባስ አንገት ጫፉ ላይ 38 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ፕሪሲዥን ከ41 በላይ። ትንሽ እጅ ላለው ቀጭኑ ይመቻል፤ የአውራ ጣቱ ሥር ለሚያመው ግን በጣም ቀጭን አንገት መቆንጠጥን ይጋብዛል። እኔ ሞላ ያለው ተስማምቶኛል፤ ለእርስዎ የሚነግርዎ እጅዎ ነው።

ለሙከራ ሲሄዱ የራስዎን ማንገቻ ይዘው ይሂዱ። ተቀምጠውም ቆመውም፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይጫወቱ፤ ሻጩ ቢሰለች ቡና ይጋብዙት። ከዚያ አይግዙ። ቀብድ ሰጥተው ወደ ቤት ይሂዱ፤ ከተቻለም ባሱን ለሦስት ቀን ይዋሱት። ቁርጥማት ፍርዱን የሚሰጠው በማግሥቱ ጠዋት ነውና። ይህንን የማይቀበል ሻጭ ገጥሞኛል፤ «ነገ ሌላ ገዢ አለኝ» አለኝ። ይግዛው አልኩ። ሳምንት ቆይቶ ራሱ ደወለ።

ስለ መሸጥ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል፦ ለመግዛት በክፉ ቀን፣ ለመሸጥ በደህና ቀን ይወስኑ። በክፉ ሳምንት ሰው ባሱን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ይሸጣል፤ ያውም በርካሽ። ሃያ ዓመት የተጫወትኩበትን ባስ እጄ ባበጠበት ሳምንት ደላላ ጠርቼ ልሰጥ ነበር። ባለቤቴ የባሱን ቦርሳ ደብቃ «አርብ ትሸጠዋለህ» አለችኝ። አርብ እጄ ቀለል አለው፤ ሸጥኩትም፣ ግን ተረጋግቼ፣ በሚገባው ዋጋ።

ባሱን ለራስዎ ሲያስተካክሉ የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች አይጣሉ። መቃኛዎቹን፣ ብሎኖቹን፣ የተነሳውን ድልድይ በላስቲክ አድርገው ቦርሳው ኪስ ውስጥ ያኑሩ፤ አዲስ ቀዳዳም አያስበሱ። ገዢ የሚፈልገው እንደ መጀመሪያው ያለውን ባስ ነው። ክሮቹንም ከመሸጥዎ በፊት ከፍ ያስደርጉ፤ ለእርስዎ ለስላሳ እጅ የወረደው ክር በኃይል በሚመታ ወጣት እጅ ይንጫጫል፤ ገዢው ባሱ የተበላሸ ይመስለዋል። ለምን እንደሚሸጡም ይንገሩት። እኔ «እጄ ነው የከዳኝ፣ ባሱ ደህና ነው» ስል ዋጋ የቀነሰብኝ የለም።

ያንን ባስ የገዛኝ የ24 ዓመት ልጅ ነበር፤ የሰርግ ባንድ ውስጥ ይጫወታል። ከዓመት በኋላ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ግራ ትከሻዬ ሌሊት ሌሊት ያመኛል፤ ምን ይሻላል?» ይዘኸው ና አልኩት። ሚዛን ላይ አወጣነው፤ 4.6 ኪሎ። ሃያ ዓመት ስሸከመው አንድ ቀን እንኳ አልመዘንኩትም። ማንገቻውን አየሁ፦ ሦስት ጣት የማይሞላ ናይለን። የራሴን ሰፊ የቆዳ ማንገቻ ከመስቀያው አውርጄ ቁመቱን ለካሁለት።