ከጓዳ ወደ ጓሮ፤ ስለ ቤት አትክልት ዕቅድ

«የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ከጓሮ ጎመን ጋር ምን አገናኘው?» የሚለን ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ የአርቱም ሆነ የሳይንሱ ተማሪ በልቶ ነው የሚያነበው። ከአሊዩ አምባ የመጣነው ጥቂት ተማሪዎች ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤታችን በሄድን ጊዜ የሠራነው ስሕተት ትምህርት ስለ ሆነን፥ ለሌላውም ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

ስሕተታችን ይህ ነው። በሐምሌ ጓሮውን ቆፍረን ጎመኑንም ሰላጣውንም በአንድ ቀን ዘራነው። በመስከረም ቤቱ ቅጠል በቅጠል ሆነ፤ ለጎረቤት አድለን የተረፈውን ከብት በላው። በዐቢይ ጾም ግን፥ ወጡ ሁሉ በሽንኩርትና በዘይት በሚቆምበት ጊዜ፥ እናቶቻችን ሽንኩርቱን ከገበያ በውድ ዋጋ ይገዙ ነበር። ከዚህ የተማርነው፥ የጓሮ ዕቅድ የሚጀምረው ከጓዳ እንጂ ከጓሮ አለመሆኑን ነው።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች በስተ ምሥራቅ የምትገኝ፥ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ የንግድ በር የነበረች ከተማ ናት። ከአፋር በረሃ ጨው፥ ከሐረር ቡና የጫነው ሲራራ ነጋዴ ወደዚህ ይወጣ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 እዚሁ ተቀምጦ ያየውን ጽፎ በ1844 አሳትሟል። ያ ሲራራ ዛሬ የለም፤ ዓይንን ከጓሮ ይልቅ ወደ ገበያ የማቅናት ልማድ ግን በየጓዳችን የቀረ ይመስላል።

1ኛ፤ ወደ ኋላ መቍጠር

አስቀድመን እናትን እንጠይቅ፤ በቀን ምን ያህል ይፈጃል? ለምሳሌ ስድስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 4 ራስ ሽንኩርት ቢፈጅ፥ ለዐቢይ ጾም 55 ቀን 220 ራስ ያስፈልገዋል። በመስመርና በመስመር መካከል 20፥ በተክልና በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ቢተው፥ በ1 ካሬ ሜትር 50 ተክል ይገባል። እንግዲህ 220ው አራት ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ለሚደርቀውና ለሚበሰብሰው ጨምረን 6 ካሬ ሜትር እንበል። ይህም ከአራት የዶርም አልጋ ስፋት አይበልጥም።

ቀኑም እንደዚሁ ይቈጠራል። ጾሙ በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ስለሚገባ፥ ሽንኩርቱ በጥር መጨረሻ ጓዳ መግባት አለበት። ለማድረቅ ሁለት ሳምንት፥ ከተተከለ በኋላ ለማደግ አራት ወር ያህል፥ ችግኝ ሆኖ ለመቆየት አንድ ወር ተኩል ብንቀንስ፥ ዘሩ የሚዘራው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ይህ ጊዜ ደግሞ እኛ ቤት የምንቀመጥበት ጊዜ ነው! የችግኙ መደብ ግን የክረምቱ ጎርፍ እንዳይወስደው ከፍ ተደርጎ ይሠራ፤ በላዩም የሣር ዳስ ይጣልበት።

በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ስሌቱ ያው ሆኖ ቀኑ ይለያል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም፥ ለማፍጠሪያው ሾርባ የሚሆነው ካሮት የሚዘራበት ቀንም አብሮ መቅደም አለበት። ካሮት ሦስት ወር ያህል ይፈጃል፤ ችግኙን ማዛወር ስለማይወድ እዚያው በሚያድግበት ቦታ ይዘራል።

2ኛ፤ መደቡን በሁለት መክፈል

ለወጥ ቤቱ የቀረበው መደብ የየዕለቱ ይሁን። ጎመን፥ ቆስጣና ሰላጣ በዚህ ይዘራሉ። በአንድ ቀን ሁሉን ከመዝራት ይልቅ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ይሻላል። የሐበሻ ጎመንን ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን ብቻ ብንቀጥፈው ለብዙ ጊዜ ይመግበናል።

ራቅ ያለው መደብ የጓዳ ይሁን፤ ሽንኩርት፥ በርበሬና ዱባ ይያዝበት። ነጭ ሽንኩርትና ድንች ብርድ ስለሚስማማቸው ወደ አንኮበር ከፍ ላለው ዘመድ ቢተዉ፥ በምትኩ ከእኛ በርበሬ ይሄድለታል። የበርበሬ ዘር መደብ የሚዘጋጀው በግንቦት፥ እኛ በፈተና በምንጨነቅበት ጊዜ ስለ ሆነ፥ ለታናናሾቻችን አስቀድመን አደራ እንበል። ለቃሪያ የሚቀጠፈውንና እስኪቀላ የሚተወውንም ተክል ከመጀመሪያው እንለይ።

3ኛ፤ ማቆየት

«ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለው ተረት ለበርበሬ አይሠራም። በርበሬ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ላይ ይሰጣ፤ ማታ ማታ ይግባ፤ ሲነቀነቅ ፍሬው እስኪንኳኳ ይድረቅ። ሻጋታ የያዘውን መጣል እንጂ ቀላቅሎ መፍጨት አይገባም፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በወጥ ሙቀት አይጠፋምና። ሽንኩርት ቅጠሉ ሲተኛ ውኃው ይቁም፤ ተነቅሎም በጥላ ይድረቅና ነፋስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ ይቀመጥ። በታፈነ ጆንያ ከቆየ ይበሰብሳል።

ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በመቀቀል የማቆየትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1810 አሳትሟል። ይህን ያነበበ ጓደኛ ፎሶሊያና ካሮት በጠርሙስ ላሽግ ቢል ግን እንከለክለዋለን። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መርዝ የሚያመነጨው ተሕዋስ ዘሩ በፈላ ውኃ አይሞትም፤ 121 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በአንኮበር ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የእናቶቻችን ሰሌንና ፀሐይ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ለአገሩ ከፍታ የሚስማማ ጥበብ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። እኛ ለትምህርት ስንመለስ መደቡን የሚያጠጡት እናትና ታናናሾች ናቸው። እንግዲህ በእነርሱ ላይ ሥራ ጭነን እንዳንሄድ፥ መደቡን ከአቅማቸው አናስፋ፤ የመዝሪያውንና የመንቀያውን ቀን ከእነርሱ ጋር ተማክረን በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። በሚመጣው ጾም ለሽንኩርት ይወጣ የነበረው ብር ለታናሽ ወንድም ደብተር ከተረፈ፥ የክረምቱ ዕረፍታችን በከንቱ አላለፈም እንላለን።