ጩኸት እንዴት ይለካል?

የሒሳብ መምህራችን አይቆጡኝና፥ በጩኸት አቆጣጠር 70 እና 70 ሲደመር 140 ሳይሆን 73 ነው። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል፤ የድምፁ ኃይል እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ 3 ያህል ብቻ፥ ዐሥር እጥፍ ሲሆን 10 ይጨምራል።

ከክፍላችን መስኮት ፊት ለፊት ሁለት ወፍጮዎች አሉ። እኩል የሚጮኹ ቢሆኑ፥ አንዱ ቢቆምልን የምናተርፈው 3 ዴሲቤል ነው፤ ይህንንም ጆሮ በጭንቅ ይለየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ1999 እ.ኤ.አ. በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ጩኸት ከ35 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል።

ወፍጮው የሁላችንን እህል የሚፈጭ ስለሆነ ይዘጋ አልልም። ማራቁ ይሻላል፤ በገላጣ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ማዛወሩ ካልተቻለ፥ ሞተሩን ከመስኮታችን የሚጋርድ ግንብ 5 ያህል ያስቀራል፤ ቀዳዳ ከተተወበት ግን ድካሙ ከንቱ ነው።